የተሸከሙኝ መላእክት አልነበሩም

ቅዱሳን፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ጌታ ያደረገልኝን ዛሬ በራሴ አፍ ልናገር ፈልጌ ቆሜያለሁ። በወረቀት ጽፌ የመጣሁት መናገር አቅቶኝ አይደለም። የተናገርኩትን ሌላ ሰው በኋላ ሌላ አድርጎ እንዳያወራው ብዬ ነው። ከዚህ በፊት ደርሶብኛል።

ይህን ታሪክ ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁታል። «የእህታችን ምስክርነት» እየተባለ እኔ ባለሁበትም በሌለሁበትም ሲነገር ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው። እንደሚነገረው ከሆነ በምጥ ላይ ሳለሁ ተሸካሚ አጣሁ፣ ነጭ የለበሱ መላእክት ወርደው አነሱኝ፣ እግራቸው መሬት ሳይነካ ከሚሴ አደረሱኝ። አንድ ጊዜ አራት ነበሩ ተባለ፣ ሌላ ጊዜ አሥራ ሁለት። በቅርቡ ደግሞ ከመዘምራኑ አንዷ የክንፋቸውን ድምፅ ጨመረችበት። እኔ እዚያ ጥግ ተቀምጬ ሰማኋት። ጌታ ይክበር፣ ዛሬ ተራው የእኔ ነው!

መላእክት አልነበሩም፣ ወገኖቼ። አንደኛው ክፉኛ ያስለው ነበር። ሌላኛው ፍየል ፍየል ይሸት ነበር። ይህን የምለው የጌታን ሥራ ላሳንስ ብዬ እንዳይመስላችሁ። ትንሽ ታገሱኝና የትኛው እንደሚበልጥ ራሳችሁ ትፈርዳላችሁ።

ያን ጊዜ እኔ አማኝ አልነበርኩም። አማኙ ባለቤቴ አስፋው ነበር። ከአስፋልቱ ሁለት ሰዓት ተኩል በእግር በሚያስኬድ የገጠር ቀበሌ አስተማሪ ነበርና እዚያ እንኖር ነበር። አስፋው ጌታን የተቀበለው ኮሌጅ ሳለ ነው። ለእኔ የነገረኝ ግን ከተጋባን በኋላ ነው። ይህንንም ሳላነሳው አላልፍም። ወሬው ቀበሌውን ሲያዳርስ ሃይማኖታችሁን ለውጣችኋል ተብለን ከቅሬ ተሰረዝን። እኔ ምንም አልለወጥኩም ነበር፣ ግን ማን ጠየቀኝ? በአምቡላንስ ዘመን የተወለዳችሁ ወጣቶች ቅሬ ምን እንደሆነ በደንብ አታውቁት ይሆናል። የሞተውን የሚቀብረው፣ የታመመውን የሚሸከመው፣ ድንኳኑም ቃሬዛውም የእሱ የሆነው ቅሬ ነው። ከቅሬ የወጣ ሰው ቁሞ እስከሄደ ድረስ ምንም አይሆንም። መተኛት የመጣ ቀን ነው የሚያውቀው።

ስለዚህ አስፋውን ቂም ይዤበት ነበር። ጠዋት ጠዋት ተንበርክኮ ሲጸልይ ጀርባዬን እሰጠዋለሁ። ግን ደግሞ ተፈጥሮዬ ሆኖ ነገር ሳልጠይቅ አልተኛም።

«ከማን ጋር ነው የምታወራው?» እለዋለሁ።

«ከጌታ ጋር።»

«ይመልስልሃል?»

«ይመልስልኛል።»

«በአማርኛ ነው በኦሮምኛ?»

«አንቺ ሴትዮ፣ ተይኝ እስቲ» ይለኛል። ይስቃል። እኔ ግን ለመሳቅ አልነበረም የጠየቅሁት። የምሬን ማወቅ ፈልጌ ነበር።

የመጀመሪያ ልጃችንን ሳምጥ ሁለት ቀን ሆነኝ። ልምድ ያላት የሰፈር ሴት ሆዴን ዳስሳ «የልጁ ራስ ወደ ላይ ነው፣ ይህ በእኔ እጅ የሚሆን አይደለም። ወደ ከሚሴ አውጧት» አለች። እሑድ ጠዋት ነበር። አስፋው ቃሬዛውን ሊለምን ወደ ቅሬው ዳኛ ወደ ጋሼ ይመር ሮጠ። ባዶ እጁን ተመለሰ። ምን እንዳሉት ስጠይቀው ሊነግረኝ አልፈለገም፤ ልታርሰኝ የመጣችው እናቴ ግን በግድ አናገረችው።

«ቃሬዛው የቅሬ ነው» ብለውታል ጋሼ ይመር። «አንተ ደግሞ ጌታ አለኝ ብለሃል። እሱ ይሸከምልህ።»

ጋሼ ይመር ዛሬ በሕይወት የሉም፤ ስለዚህ መልስ ሊሰጡኝ አይችሉም። ልጆቻቸውም ደህና ሰዎች ናቸው። ቢሆንም እንዲህ ማለታቸው በጽሑፍ ይኑር ብያለሁ።

አስፋው፣ ሁለት አስተማሪ ጓደኞቹና የትምህርት ቤቱ ዘበኛ የምተኛበትን የጠፍር አልጋ ከሁለት የባሕር ዛፍ አጣና ጋር አስረው ቃሬዛ ሠሩ። እናቴ እግሯ አብጦ መሄድ ስለማትችል አልተከተለችኝም። ነገር ግን ሳታዘጋጀኝ አልላከችኝም። «የሰንበቴ ከተማ ገበያ ቀን ነው፣ መንገዱ በሰው ተሞልቷል። በምጥ ያለች ሴት ዓይን ይይዛታል» ብላ በአዲስ ነጭ ጋቢ ከራሴ እስከ እግሬ ሸፈነችኝ። ንፋስ እንዳይገልጠው በመቀነት ደረቴና ጉልበቴ ላይ አሰረችው። የነጠላዋን ጫፍ አፌ ውስጥ ከተተችልኝ።

«ይህን ንከሺ። መንገድ ላይ ድምፅሽ እንዳይሰማ፣ የጨዋ ልጅ ነሽ። ማርያም በሽልም ታውጣሽ» አለችኝ።

እስቲ አስቡት፣ ወገኖቼ። አራት ወንዶች ተሸክመዋል። አልጋው ላይ ከራስ እስከ እግር በነጭ የተሸፈነ ሰው አለ። ድምፅ የለውም። ምን ይመስላል?

እኔ አላሰብኩትም። አስፋውም አላሰበውም። ቁልቁለቱን እንደጀመርን ትንፋሻቸው አጠረ። መቶ እርምጃ ሄደው ያስቀምጡኛል፣ ትከሻ ይቀይራሉ፣ ደግሞ ያነሱኛል። ስንት ሰዓት እንደሄድን አላውቅም፤ ብቻ በጋቢው ውስጥ ፀሐዩ እየበረታ ሲመጣ ይሰማኛል። ዘበኛው «እንዲህ ከሆነ ማታም አንደርስም» ሲል ሰማሁ። የአስፋው ከንፈር ሲንቀሳቀስ ይሰማኛል፤ ይጸልይ ነበር።

ገበያተኛው የሚወርድበት መንገድ ላይ ስንደርስ የብዙ ሰው ኮቴ ሰማሁ። የፍየል ድምፅም አለ። ወዲያው ሁሉም ጸጥ አለ። አንድ ሰው «ኢና ሊላሂ!» አለ።

«ወንድሜ፣ ሰው የላችሁም እንዴ? ለሬሳ አራት ሰው ብቻ?»

«የለንም» አለ አስፋው።

«ሟቹ ምንህ ነው?»

አስፋው አጣናውን በትከሻው ላይ ሲያስተካክል ተሰማኝ። ከዚያ «ሚስቴ ናት» አለ።

ቅዱሳን፣ ሰምታችኋል አይደል? በቁሜ ባሌ ሞተች ብሎ ሲያስመዘግበኝ በጆሮዬ ሰማሁ! ጓደኞቹም አላረሙትም። ልጮህ ፈልጌ ነበር። ግን አንደኛ ምጡ መጥቶ ያዘኝ፣ የእናቴን ነጠላ ነከስኩ። ሁለተኛ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ማወቅ ፈለግሁ። ሰው ሲሞት ምን እንደሚባል ማን ሰምቶ ያውቃል?

«ኮታ! ኑ እናንተ! ሰው የሌላት ጀናዛ ናት!» እያለ አንዱ ተጣራ። ሸክማቸውን መሬት ሲያወርዱ ሰማሁ። ፍየሎቹን ለሴቶቹ ሰጡ። አልጋው ከአስፋው ትከሻ ወደ ሌላ ትከሻ ሲተላለፍ ከፍ አለ። በዚህ አገር የእስልምና ወንድሞቻችን ጀናዛ ሲያገኙ ዝም ብለው እንደማያልፉ ታውቃላችሁ። ሁሉም አርባ እርምጃ ያህል ይሸከማል፣ ከዚያ ለሌላው ይለቃል። «ላ ኢላሃ ኢለላህ፣ ላ ኢላሃ ኢለላህ» እያሉ ነበር የሚረግጡት። ደግሞ ጀናዛ አይዘገይም፣ መፍጠን ነው ደጉ። እኔም በረርኩ!

ከሥር ያለውን ወሬ ብትሰሙ።

«ወጣት ናት መሰለኝ፣ ቀላል ናት።»

«ቀላል? አንተ እኮ ከኋላ ሆነህ ቁልቁለቱ ነው የሚሸከምልህ። ና ወደ ፊት!»

«እስላም ናት ክርስቲያን?»

«ምን ይሠራልሃል? ሰው የላትም አሉህ እኮ።»

«ምስኪን። ከዚህ ሁሉ ቀበሌ እንዴት አንድ ሰው አይከተላትም? ምን ብታደርግ ነው?»

ይህኛው ጥያቄ ጋቢው ውስጥ አስለቀሰኝ። ምን አድርጌ ነው? እኔም እስከዚያ ቀን ድረስ ራሴን የጠየቅሁት እሱን ነበር። ያልታወቀ ሰው መንገድ ላይ ሲጠይቅልኝ ያለቀስኩበትን ምክንያት ዛሬም በሙሉ አልነግራችሁም። ለራሴ የማስቀምጠው ነገር አለኝ።

እንዲህ እየበረርን አንድ ድንጋያማ ቦታ ላይ ስንደርስ አልጋው ክፉኛ ነጠረ። በዚያው ቅጽበት ምጡ ከወገቤ ተነሣ። ነጠላው ከአፌ ወደቀ።

«ኧረ ቀስ በሉ!» ብዬ ጮህኩ።

ከዚያ የሆነውን ላስረዳችሁ አልችልም። አንደኛው ጥግ በአንድ ጊዜ ተለቀቀ። አልጋው ዘመመ፤ ከነጋቢው አጣናውን ጨብጬ ባልይዝ ተንከባልዬ ገደል መግባቴ ነበር። «ሱብሃነላህ!» የሚል አለ። የሚሮጥ ሰው ኮቴ ሰማሁ። «ሉቡ ቀብዲ! ነፍስ አላት! ነፍስ አላት!» እያለ ይጮሃል። ሴቶቹ እልል ማለት ጀመሩ፣ ፍየሎቹ ተበተኑ።

ከዚያ ሁሉም ወደ አስፋው ዞረ።

«አንተ ሰውዬ፣ ሞታለች አላልክም?»

«ሞታለች አላልኩም» አለ አስፋው። «ሚስቴ ናት ነው ያልኩት።»

አንዱ ሳቀ። ሌላው ግን ተቆጣ። «በጀናዛ ይቀለዳል? ገበያው አለፈብን እኮ! ለምጥማ የራሷ ሰዎች የሉም?» አለ። ሌላም ተከተለው። «አስቀምጡ፣ ባለቤቶቹ ያንሷት» የሚል ድምፅ ሰማሁ። እውነታቸውን ነው። ሬሳ የመንገደኛ ሁሉ ዕዳ ነው፣ ምጥ ግን የቤተሰብ ነው። አልጋው ዝቅ ማለት ጀመረ። አንዱ እግሩ መሬት ነካ፣ ድንጋይ ላይ ሲያርፍ ወገቤ ተሰማው። ከዚያ ቦታ አስፋልቱ ሩቅ እንደሆነ አውቅ ነበር። የእነ አስፋው ጉልበት እንዳለቀም አውቅ ነበር። ልጁም እኔም እዚያ ድንጋይ ላይ እንደምንቀር ገባኝ።

ጸልዬ አላውቅም ነበር፣ ወገኖቼ። ማርያምን መጥራት እናቴ አስተምራኛለች፣ በዚያች ሰዓት ግን አፌ ላይ የመጣው ሌላ ነው። «አስፋው የምታወራው» አልኩ በልቤ። «ስምህን በደንብ አላውቅም። ካለህ፣ እንዳያስቀምጡኝ።» ይኸው ነው። አሜን እንኳ አላልኩም።

አንድ ሰው ሳለ። ረጅም፣ ደረት የሚፈልጥ ሳል ነው። ሲጨርስ «ለሞተ ተሸክመን ለሕያው ልናስቀምጥ ነው?» አለ።

አልጋው ተነሣ። ሃሌ ሉያ! አልጋው ተነሣ፣ ቅዱሳን! የሮጠውም ሰው ተመለሰ። ከዚያ በኋላ የሄዱት በፊት ከሄዱት ይበልጣል፤ ግን በቀስታ፣ ድንጋዩን እየመረጡ። «አይዞሽ እናቴ፣ አይዞሽ፣ ደረስን» ይሉኛል። የተሸፈንኩበትን የገለጠ የለም። እኔም አላየኋቸውም። አስፋልቱ ላይ ወደ ከሚሴ የሚመለስ አይሱዙ አስቁመው ከነአልጋዬ ጫኑኝ። አንዲት ሴት በጋቢው ላይ እጇን አሳርፋ «በሰላም ያገላግልሽ» አለች። መኪናው ተነሣ። የፍየል ድምፅ ወደ ኋላ ቀረ።

ከሚሴ ጤና ጣቢያ ያገኘችን ነርስ ሆዴን እንደነካች ፊቷ ተለወጠ። ልጄ በእግሯ መጣች። ብዙ ታገልን። አለቀስኩ፣ ተሳደብኩ፣ አስፋውን ከበር ውጪ ቆሞ እየሰማ ያላልኩት የለም። ከዚያ ልጅቷ ወጣች፤ ሰማያዊ ሆና ዝም ብላ ነበር። ነርሷ ጀርባዋን አሻሸች፣ እፍ አለችባት። ከዚያ ልጄ አለቀሰች! ጌታ ስሙ ይባረክ፣ ሰው ሲያለቅስ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም!

ነርሷ እጇን እየታጠበች «ግማሽ ሰዓት ብትዘገዩ ሁለቱንም አላገኛቸውም ነበር» አለች። አስፋውን አይታ «ከዚያ ተራራ በዚህ ሰዓት እንዴት ደረሳችሁ? ስንት ሆናችሁ ነው የተሸከማችኋት?» አለችው።

አስፋው ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለና እንደ ልጅ አለቀሰ።

በዚያው ሳምንት ጌታን ተቀበልኩ። አስፋው አልሰበከኝም፤ እኔ ነኝ ስሙን ንገረኝ ያልኩት። ይህን ጌታ በቀጥታ ጠይቄው በቀጥታ መልሶልኛል። በኦሮምኛም በአማርኛም እንደሚመልስ አውቄያለሁ። ልጃችንን ፀጋ አልናት።

ጌታን ለመቀበል ሳምንት አልፈጀብኝም። አስፋውን ይቅር ለማለት ግን ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል። ሞተች ስላስባለኝ አይደለም፤ ያንን ብቻዬን ስሆን እስቅበታለሁ። ቂሜ ከዚያ በኋላ ባደረገው ነው። ወንድሞች ሲሰበሰቡ «መላእክት ተሸከሟት» ብሎ መሰከረ። ቤት ስንገባ ለምን እንደዋሸ ጠየቅሁት።

«ሰዎቹን ካነሣሁ እነሱ የጠየቁኝን ማንሣቴ ነው» አለኝ። «የመለስኩትንም።»

ይኸው ነው፣ ወገኖቼ። ክንፉ የመጣው ከዚያ ነው። አስፋው እዚህ ተቀምጧል። ይህን እንደማነብ ትናንት ነግሬዋለሁ። ብዙ ካሰበ በኋላ «አንብቢ» አለኝ። ስለዚህ ይቅር ብዬዋለሁ።

ወደ ከሚሴ ከተዛወርን በኋላ ያ የሚያስለው ሰው ከአእምሮዬ አልወጣም። ማን ነው? እንዴት እንደዚያ ሊል ቻለ? ሁሉም ገበያው አለፈብን ሲል እሱ ገበያ የለውም ነበር? ፊቱን አላየሁም፣ ሳሉን ግን ከሺህ ሰው መካከል እለየዋለሁ። አንዳንድ እሑድ በሚኒባስ ሰንበቴ ሄጄ በፍየል ተራ መካከል እየዞርኩ ማዳመጥ ጀመርኩ። ነጋዴዎቹ እብድ መሰልኳቸው። ከእኛ መካከልም አንድ ሽማግሌ ወንድም ጠርቶ «የጌታን ቀን ትተሽ ፍየል ታያለሽ?» አለኝ። ስለምን እንደምሄድ ስነግረው «የተሸከሙሽ መላእክት መሆናቸው ተመስክሯል፣ ምን ትፈልጊያለሽ?» ብሎ ከጌታ እራት ከለከለኝ። ያ ወንድም ዛሬ ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀምጧል። ስሙን አልጠራም። ይሰማኛል።

በአራተኛው ዓመት አገኘሁት። ሁለት ሰው እጁን ይዞ ስለ አንድ ወጠጤ ያከራክረዋል፤ እሱ በመካከል ያ ሳል ያዘው። ሽበት የወረረው፣ ቀጭን፣ ሽርጥ ያገለደመ ሰው ነው። ስሙ ሰይድ ይባላል። ቀርቤ «አባቴ፣ አንድ ጊዜ በዚህ መንገድ ሬሳ ተሸክማችሁ…» ብዬ ሳልጨርስ ዓይኑ ፈጠጠ።

«ያቺ የተናገረችው ሬሳ!» አለ። ጉልበቱን እየመታ ሳቀ፣ እስኪያስለው ሳቀ። «አንቺ ነሽ? ያ ረቢ! የሮጠው ልጅ የአጎቴ ልጅ ነው፣ እስከ ዛሬ እንቀልድበታለን! ልጁ ምን ሆነ?»

«ሴት ናት። ደህና ናት።»

«አልሐምዱሊላህ!»

ከዚያ ዓመታት ሙሉ የያዝኩትን ጠየቅሁት። «ሌሎቹ አስቀምጡ ሲሉ እንዴት ያን ቃል ልትናገር ቻልክ?»

ሳቁ ቆመ። በዱላው ጫፍ አፈሩን ጫረ።

«እውነቱን ልንገርሽ?» አለኝ። «ትከሻዬ ተልጦ ነበር። ደረቴ ታውቂዋለሽ፣ አይሸከምም። እኔም አስቀምጡ ልል ነው አፌን የከፈትኩት። ሳሉ ያዘኝ። ሲለቀኝ ያ ወጣ። እኔም እንደናንተው ነው የሰማሁት። አላህ ያውቃል።»

በሚቀጥለው እሑድ ፀጋን ወስጄ አሳየሁት። እትፍ እትፍ ብሎ መረቃት። ስለ እምነት አልተከራከርኩትም፣ እሱም አልተከራከረኝም። እኔ ግን በዚያች ሰዓት ማንን እንደለመንኩ አውቃለሁ።

አሁን ፍረዱ፣ ቅዱሳን። መልአክማ ታዛዥ ነው፣ ሂድ ሲባል ይሄዳል፣ ትከሻውም አይላጥም። የደከመ፣ ገበያ ያለፈበት፣ አስቀምጡ ሊል አፉን የከፈተ ሰው አልጋዬን ሲያነሣ የትኛው ይበልጣል? አሜን በሉ እንጂ! ጌታ ይመስገን፣ ፀጋ እዚህ አለች፣ እኔም አለሁ። ከእናንተ መካከል ሰው የለኝም፣ ከሕዝቡ ተቆርጫለሁ የሚል ካለ፣ ስሙን በደንብ ባያውቀውም እንደ እኔ ይጥራው። አጭር ቃል ይበቃዋል፣ አሜንም ባይኖረው አይቀየምም።

እኔ የሰይድን ቃል የለወጠው ማን እንደሆነ አውቃለሁ። ከሳሉና ከቃሉ መካከል በዚያች ቅጽበት ጌታ ምን እንዳደረገ ግን እስከ ዛሬ አላውቅም። ወደ እርሱ ስሄድ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህን ነው። እስከዚያ ሳላውቅም አምነዋለሁ። እናንተም እመኑት።